የኦቦ ደቻሳ እንግዳ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ወጣቶች ለዓለም ዘላቂ ልማት ገንዘብ በማሰባሰብ ስለሚኖራቸው ድርሻ የሚመክር ስብሰባ ስላለ መጥተው ልምድዎን ያካፍሉን አለችኝ። የምን ልምድ ብዬ ስጠይቃት፣ እርስዎ ድሮ በወጣትነትዎ እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ እንደነበሩ ሰምተናል አለች። «እርስዎ» ማለቷን እንደ አክብሮት ቆጥሬ አለፍኩት፤ «ድሮ» ማለቷ ግን ከነከነኝ። አርባ ዓመት እንኳ አልደፈንኩም። ለሃያ ዓመት ልጅ ግን የዛሬ አሥር ዓመት ከአፄዎቹ ዘመን እኩል መሆኑን ረስቼው ነበር።

እሺ ብያት ስልኩን ዘጋሁ። ምን እንደምናገር ሳስብ ግን የሚመጣልኝ የስብሰባ አዳራሽ አልነበረም። የሚመጣልኝ ሱሉልታ ውስጥ፣ በሩ በቀን የተዘጋ አንድ ቤት ነው።

ያን ጊዜ ሰበታ ነበርኩ። አባቴ ከስልጤ መጥቶ በጅማ መንገድ ዳር ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። እኔ ተመርቄ ሥራ አጥቼ ከሳሙናውና ከፓስታው መሀል ተቀምጬ እውል ነበር። አባቴ ደንበኛ በገባ ቁጥር «በዲግሪ ስኳር የሚመዝን ልጅ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ» እያለ ያስቅብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ማታ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

በዚያ ክረምት አዲስ አበባ ላይ ትልቅ የዓለም ስብሰባ ተደርጎ ነበር፤ ለልማት የሚሆነው ገንዘብ ከየት ይምጣ የሚል። እንግዶቹ ወደየአገራቸው ሲበተኑ ወሬው እኛ ጋ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ አንድ የውጭ ድርጅት፣ ወጣቶች የራሳቸውን ድርሻ ካዋጡ እጥፉን እጨምራለሁ ብሎ አስታወቀ። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የተሰባሰብን ጓደኛሞች ማኅበር አቋቋምን። ሊቀመንበራችን ሌሊሴ ነበረች፤ የሱሉልታ ገበሬ ልጅ፣ አፏ የማያርፍ፣ እኔን በስሜ ከመጥራት «ባለሱቁ» ማለት የሚቀናት።

ሐሳቡ የእሷ ነው። በአባቷ በኦቦ ደቻሳ ማሳ ጥግ አንድ ምንጭ አለ። ሰውም ከብትም ከዚያው ስለሚጠጣ በበጋ ይደፈርሳል። ምንጩን እናጥራለን፣ ዙሪያውን ዛፍ እንተክላለን፣ በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ እንገጥማለን። መንደሩ ለንጹሕ ውኃ ትንሽ ትንሽ ይከፍላል፣ የተጠራቀመው ደግሞ ለሌላ መንደር ምንጭ ይሄዳል። ከየኪሳችን ያወጣነው ለድርሻችን ስላልበቃ፣ ኦቦ ደቻሳ ለምንጩ የፈቀዱት መሬት እንደ መዋጮ እንዲቆጠርልን ድርጅቱ ተስማማ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ የቦታው ጥግ ሁሉ ችካል ይተከልበት፣ የችካሉም አናት በፎቶ እንዲለይ ቀይ ይቀባ።

አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር የሚያያይዘው ማስተር ፕላን አገሩን ያናወጠው ያን ጊዜ ነው። ገበሬው መሬቴ ሊሄድ ነው ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። ቀይ አናት ያለው ችካል ደግሞ የቀያሽ ምልክት ነው፤ እሱ ማሳ ላይ ከታየ ቀጥሎ ካሳ፣ ከካሳው ቀጥሎ ግሬደር እንደሚመጣ ሕፃን ያውቃል። እኛም እናውቅ ነበር። የእኛ ችካል ግን ሌላ ነው ብለን አሰብን፤ ለምን እንደሚተከል እኛና ኦቦ ደቻሳ ስለምናውቅ ሁሉም ሰው የሚያውቀው መሰለን። ችካል አፍ የለውም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ችካሎቹን በአባቴ ሱቅ ትራፊ ቀለም ቀብቼ፣ አስሬ፣ ሚኒባስ ላይ ጭኜ ወጣሁ። አዲሱ ገበያ ላይ መኪና ስቀይር ረዳቱ ለችካሎቹ የአንድ ሰው ሒሳብ ተቀበለኝ። እንጦጦን ዞረን ቁልቁል ስንወርድ የሱሉልታ ሜዳ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል። የታጨደ ሣር ሽታ በመስኮት ይገባል። የሱሉልታ ሰው ሀብቱ ድርቆሹ ነው፤ የአዲስ አበባ ላሞች የሚታለቡት በእሱ ነው ማለት ይቻላል።

ኦቦ ደቻሳ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። ከሰዓት በኋላውን አብረን ስንተክል ዋልን፤ እኔ እይዛለሁ፣ እሳቸው በመጥረቢያ ጀርባ ይመታሉ። ምንጩን ከጨረስን በኋላ የሜዳውን ሌላ ጎን አሳዩኝ። ሣራቸው ታጭዶ ተኝቷል። ከነገ ወዲያ ደቦው ይመጣል፣ ባንድ ቀን ይከመራል አሉኝ። እሳቸው የጎረቤቱን ሁሉ ሲከምሩ ሰንብተው ተራው የእሳቸው ነበር። ጎጆው ጥግ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ለደቦው የጠመቁት ጠላ በጋን ተከድኖ ተቀምጧል።

በማግስቱ ሌሊሴ የድርጅቱን ሰዎች ይዛ ልትመጣ ነበር። ጠዋት ስንነሣ ግን ከአስፋልቱ በኩል የሚቃጠል ጎማ ጭስ ቆሟል። ተማሪው ፕላኑን ተቃውሞ ወጥቷል፣ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ሌሊሴ ያደረችው ቡራዩ አክስቷ ቤት ነው፤ ደውላ እዚያም ተዘግቷል፣ ከቤት እንዳትወጣ አለችኝ። ኢንተርኔቱ የለም፣ ድምፅ ብቻ ነው የሚሠራው፤ እሱም ሲፈልግ።

ረፋዱ ላይ ወጣቶች አጥሩ ደጅ መጡ። በምንጩ በኩል ሲያልፉ ቀዩን አይተውታል። ከፊት የቆመው ገመቹ ነበር፣ የቅርብ ጎረቤት ልጅ፤ እድሜያችን እኩል ነው። ኦቦ ደቻሳ ብቻቸውን ወጡ። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ በኦሮምኛ የሚባባሉትን እሰማለሁ።

«ኦቦ፣ ቀያሹን ያውጡልን» አለ ገመቹ።

«ቀያሽ የለኝም። ያለው ኬሱማኮ ነው፣ እንግዳዬ። ችካሉን ትከል ያልኩት እኔ ነኝ።»

«መሬቱን ሸጠውታል ማለት ነው?»

ለምንጩ ነው፣ ለውኃው ነው ብለው ሊያስረዱ ሞከሩ። በዚያ ቀን ማን ይሰማል? አንዱ ከኋላ በኃይል ተናገረ፣ ሌላው አጥሩን ያዘ። ኦቦ ደቻሳ መግቢያው ላይ እንደቆሙ አልተነቃነቁም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ገመቹ የልጁን እጅ ከአጥሩ ላይ አነሣው። ሄዱ። ሲሄዱ ግን ማንም አልተሰናበታቸውም።

በማግስቱ የደቦው ቀን ነበር። አዴ ጫልቱ ዳቦውን ቆርሰው፣ ቆሎውን አዘጋጅተው፣ ጠላውን ከፍተው ጠበቁ። ፀሐይ ወጣች። ከሌሎች ማሳዎች የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ወደ እኛ የሚመጣ ግን የለም። ኦቦ ደቻሳ መንሹን ተደግፈው ደጅ ላይ ቆመው ቆዩ። ቀትር ሲሆን ገብተው ተቀመጡ፤ አዴ ጫልቱም ጋኑን መልሰው ከደኑት። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ጠላውን በመጠጣት እንኳ ልረዳቸው አልችልም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ተደባልቀውብኛል። ቤቱ ወደ ግቢ የምታይ አንዲት ትንሽ መስኮት አለችው፤ እሷ ላይ ተጣብቄ እውላለሁ። ልሂድ ብል መንገዱ ዝግ ነው፤ ወታደር አንድ ወገን፣ ድንጋይ የያዘ ልጅ ሌላ ወገን፣ እኔ ደግሞ በሁለቱም ዓይን ሌላ ሰው ነኝ። ልቀመጥ ብል በተቀመጥኩ ቁጥር የሰውዬው ስም እየጠቆረ ነው። እንግዳ ሲሰነብት ከወርቅ ወደ ብር፣ ከብር ወደ ጨርቅ ይወርዳል ይላሉ። እነሱ ግን አላወረዱኝም፤ እሱ ነው የባሰ ያቃጠለኝ። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ሥጋ አላራራቀንም። እነሱ የማይቀምሱት ወተት ሁሉ ለእኔ ይመጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ወተት አንቆኛል።

ሌሊሴ ደወለች። ድርጅቱ መምጣት አልችልም፣ የችካሎቹን ፎቶ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልላካችሁ ገንዘቡን ለሌላ ማኅበር አስተላልፋለሁ ብሏል። ኢንተርኔት በሌለበት በምን እንልካለን ብዬ ሳቅኩ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ስለ ደቦው ነገርኳት።

«ነቅለህ ጣለው» አለች። «ገንዘቡ ይቅር። አባዬ ላይ አይሆንም።»

ከላዬ ላይ ድንጋይ የተነሣልኝ መሰለኝ። እየሮጥኩ ነው ለኦቦ ደቻሳ የነገርኳቸው፤ አሁኑኑ ልንቀለውና ያብቃ አልኩ። ማገዶ እየፈለጡ ነበር። መጥረቢያውን አስቀምጠው ቀና አሉ።

«ሌሊሴ ናት ያለችው?»

«አዎ።»

«እሷ እዚያ ሆና ነው። ዛሬ ከነቀልነው፣ ደቻሳ ሸጦ ነበር፣ ሲነቃበት ፈርቶ ነቀለ ይሉኛል። ከዚያ ወዲያ ሺህ ጊዜ ብምል ማን ያምነኛል? ለውኃው ብዬ ነው የተከልኩት። ይቁም።»

ችካሉ ቢቆም ሰዉ አይመጣም፣ ቢነቀል ስማቸው ይነቀላል። ቤቱ ውስጥ የተዘጋብኝ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሰውዬው በገዛ መንደራቸው መሀል መውጫ አጥተዋል።

ከዚያ ሰማዩ መቋጠር ጀመረ። በኅዳር የሚመጣ ዝናብ ለድርቆሽ ጠላት ነው፤ የራሰ ሣር ይሻግታል፣ ገዢ አይነካውም፣ ላምም አትበላውም። ጠዋት ኦቦ ደቻሳ መንሹን ይዘው ወጡ፣ አዴ ጫልቱ ተከተሉ። እኔም ወጣሁ። የፈራኋቸው ሁሉ እያዩኝ በሜዳው መሀል ሄድኩ፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት በማኅበራችን ባነር ላይ በትልቁ ያጻፍኩት እኔ ነበርኩ። እውነትነቱን ያወቅሁት ግን ያን ቀን በወገቤ ነው። መንሽ መያዝ አላውቅም፣ መዳፌ ተላጠ፣ ያነሣሁት ግማሹ ይበተናል። ጎረቤቶቹ ከየክምራቸው አጠገብ ቆመው ያዩናል። አንዱን ክምር ጨርሰን ሁለተኛውን እንደጀመርን ዝናቡ ወረደ።

አዴ ጫልቱ ወደ ቤት ሮጡ። ኦቦ ደቻሳ ግን መንሹን እንደያዙ ቆሙ፣ ሣራቸው ሲረጥብ እያዩ። ይግቡ እንጂ አባባ አልኳቸው። አልሰሙኝም፤ ወይም ሰምተዋል። ፊታቸው ርሶ ስለነበር የዝናቡ ይሁን የሌላ አላውቅም። እኔ ግን አልቅሻለሁ።

መንገዱ ሲከፈት በጎሕ፣ በጓሮ በኩል አቋርጬ ልሂድ አልኩ። ኦቦ ደቻሳ እምቢ አሉ። እሑድ፣ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ በየደጁ ሲቀመጥ ጠብቀው፣ ጋቢያቸውን ደርበው እጄን ያዙኝ። በመንደሩ መሀል፣ በጠራራ ፀሐይ ይዘውኝ ሄዱ። በየደጁ ይቆማሉ፤ «አካም ጂርቱ» ብለው ሰላም ይላሉ፤ ቀጥለው «ይህ እንግዳዬ ነው። ችካሉን ለምንጩ ነው የተከልነው። ልሸኘው ነው» ይላሉ። የሚመልስ የለም። ወደ ቀጣዩ ደጅ እንሄዳለን። እንዳልፈሩ አስብ ነበር፤ እጃቸው ግን በእጄ ውስጥ በላብ ተጠምቆ ነበር።

የገመቹ ደጅ ስንደርስ እናቱ ተነሥተው ቆሙ። ኦቦ ደቻሳን አዩ፣ የተላጠ መዳፌን አዩ። «ነጋቲ ገሊ» አሉኝ፣ በሰላም ግባ። ያን ያህል ብቻ ነው። ኦቦ ደቻሳ እጄን የለቀቁት አስፋልቱ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ነው።

ገንዘቡ ለሌላ ማኅበር ሄደ። የእኛም ፈረሰ። ማስተር ፕላኑ መሰረዙ በሬዲዮ ከተነገረ በኋላም ኦቦ ደቻሳ ችካሎቹን አልነኩም፤ ከብቱ እየታከከባቸው አንድ በአንድ ወደቁ። በቀጣዩ ዓመት ደቦው ተመለሰ፣ ገመቹ ቀድሞ መጣ ብላ ሌሊሴ ነገረችኝ። ይቅርታ ያለ የለም፣ የጠየቀም የለም። ግን ያ ሣር ጠቁሮ ስለቀረ፣ ኦቦ ደቻሳ ከብቱን በጋውን የሚያሻግሩበት አጥተው ከሁለቱ የሚታለቡ ላሞች አንዷን በርካሽ ሸጠዋል። ይህንን እሳቸው ለእኔ አንድም ቀን አላነሡልኝም። ካረፉ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው።

ልጅቷ የስብሰባውን ፕሮግራም በስልኬ ላከችልኝ። ከርእሶቹ አንዱ፣ ወጣቶች ለልማት ገንዘብ ሲበደሩና ሲያሰባስቡ ማን ዋስ ይሁናቸው የሚል ነው። ባንክ፣ መንግሥት፣ ለጋሽ ድርጅት እያሉ ዘርዝረውታል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አልንቀውም። እኛ ያኔ ገንዘብ ያዋጣን እኛ ብቻ መስሎን ነበር፤ ከፊታችን ቆሞ የዋሰን ሰው መኖሩን እንኳ አላየነውም።

ሄጄ እናገራለሁ። ልጆቹ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ምን አዋጣችሁ ብለው እንደሚሆን እገምታለሁ። እኛ ያዋጣነውን ማኅበሩ ሲፈርስ እያንዳንዳችን ተመልሶልን ተካፍለናል፤ ያልተመለሰላቸው ኦቦ ደቻሳ ብቻ ናቸው።