በቱሊፑ መናፈሻ የጠረጠርኳቸው ሽማግሌ

ሆላንድ የሄድነው ሁለት ሆነን ነው። እኔ ሚዛን ውስጥ ባለ የቡና ገበሬዎች ማኅበር የጥራት ባለሙያ ነኝ። አብረውኝ የሄዱት ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ጫካ ሥር ቡና የሚያመርቱ የቤንች ሽማግሌ ናቸው። የሳቸው ቡና በዚያ ዓመት የቅምሻ ውድድር አንደኛ ስለወጣ ገዢዎቹ «አምራቹን ራሱን እንየው» ብለው ጋበዟቸው፤ እኔ ለማስተርጎም ተላክሁ። ከመሄዴ በፊት ግን አለቃዬ ቢሮው ጠርቶ ሌላ ሥራም ሰጠኝ።

«ዓይንሽን ከሳቸው ላይ እንዳታነሺ» አለኝ። «የዘሩን ነገር አደራ።»

የቡና ዘር ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ፈረንጆቹ ለጫካ ቡናችን ዘር የማይሆኑት የለም የሚለውን ወሬ ደግሞ ከቴፒ እስከ ሚዛን ያልሰማ ሰው አላውቅም። እኔም ሲፈጥረኝ ተጠራጣሪ ነኝ። ኮረሪማ ስገዛ እንኳ ከሥር ያለውን ገልብጬ ሳላይ አልከፍልም።

ጥርጣሬዬ የጀመረው ቦሌ ነው። ሽማግሌው የኮታቸውን የውስጥ ኪስ በየደቂቃው በመዳፋቸው ይዳብሱታል። አውሮፕላን ውስጥ አራት ጊዜ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄዱ፤ አራቱንም ጊዜ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነበር።

«አባባ፣ ኪስዎ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«ምንም» አሉኝ። «አንተ ተኛ።»

አማርኛን ያወቁት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። ወትሮ ያስቀኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አልሳቅሁም።

በሦስተኛው ቀን አስተናጋጃችን ወደ ታዋቂው የቱሊፕ አበባ መናፈሻ ወሰደችን። ቡናውን ገዝቶ በሚቆላው ድርጅት የምትሠራ፣ በኔ ዕድሜ ያለች ረጅም ሴት ናት። ደግነቷ በዝቶብኝ ነበር። ለሽማግሌው ወፍራም ሹራብ አመጣች፤ መኪና ውስጥ ቀበቷቸውን ራሷ አሰረችላቸው። ወቅቱ ሁዳዴ ነበርና ለኔ ኬክ ስትዘረጋልኝ ወተትና እንቁላል እንደሌለበት ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት። ሦስቱንም ጊዜ ፈገግ ብላ የለበትም አለችኝ። ፈገግታዋንም አላመንኩትም፤ ኬኩን በሶፍት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

መናፈሻው ውበቱ ልክ አልነበረውም። ቀዩ ለብቻው፣ ቢጫው ለብቻው፣ ሐምራዊው ለብቻው ሆኖ በትላልቅ ዛፎች መሃል እንደ ወንዝ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ወደ ጥቁር የሚያደላም ነበረበት። አንድም የጠወለገ አላየሁም፤ ይሄ ነው የከነከነኝ። ሰው ሲያይ ነውር እንዳይሆን ዙሪያዬን ቃኝቼ የአንዱን ቅጠል በጣቴ ጫን አልኩት። ፕላስቲክ አይደለም። ጥቅልሉ እንዳልተፈታ የእንሰት ቅጠል ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው።

«ፍሬው ምንድን ነው?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ፍሬውን አይፈልጉትም፣ አባባ። ለማየት ብቻ ነው።»

«ለማየት ብቻ» አሉ። አየሩን በአፍንጫቸው ሳብ አድርገው ደግሞ «ሽታም የለው» አሉ። እውነታቸውን ነው። የኛ ቡና ሲያብብ መንደሩ ሁሉ ይታወዳል፤ እዚያ ግን ያን ሁሉ አበባ ይዞ አየሩ የሚሸተው እርጥብ አፈር ነው።

«የትኛው ቀለም አማረዎት?»

«ሁሉም።»

ሰው ከልቡ ሲያይ እንዲህ አይመልስም ብዬ አሰብኩ። የሚያዩት አበባውን ካልሆነ ሌላ ምን ነው? አንድ ቦታ ላይ አፍንጫቸው አበባውን እስኪነካ አጎነበሱ። ሰው እስኪያልፍላቸው እየጠበቁ መሰለኝ። አስተናጋጃችን ደግሞ ክንዳቸውን ይዛ ከኔ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርታለች። ስዞር ወሬያቸውን ያቆማሉ። ወሬ ያልኩት እሷ አማርኛ፣ እሳቸው እንግሊዝኛ ሳያውቁ ነው፤ በምን እንደሚግባቡ አልገባኝም።

የመስታወት ቤቱ ጋ ስንደርስ ወደኔ መጣች።

«ውስጥ ያሉት ዝርያዎች በጣም ልዩ ናቸው። አንቺ ግቢና እይ። እኛ እዚህ አግዳሚው ላይ አረፍ እንላለን።»

ገባሁ፤ ግን በሌላው በር ወጣሁ። አጥሩን ተከትዬ ከጀርባቸው ባለ ግንድ ተከልዬ ቆምኩ። ስልኳን በመሃላቸው ይዛለች። ሽማግሌው ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው ያወራሉ፤ ከዚያ ስልኩ በእንግሊዝኛ ይናገራል። እሷ ስትመልስ ደግሞ ስልኩ በአማርኛ ያወራል። ደሜ ፈላ። አስተርጓሚያቸው እኔ እያለሁ ማሽን ያስፈለጋቸው ምን ሊነጋገሩ ነው?

ሽማግሌው ግራ ቀኝ አዩ። ከውስጥ ኪሳቸው የታሰረ መሐረብ አወጡና መፍታት ጀመሩ።

ስልኬን አውጥቼ ከጀርባቸው ፎቶ አነሳኋቸውና ለአለቃዬ ላክሁ። ከሥሩ «ዘር ሳይሆን አይቀርም፤ ለፈረንጇ ሊሰጡ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ ከግንዱ ጀርባ ወጣሁ።

«አባባ! ምንድን ነው የያዙት?»

ደንግጠው ዞሩ። መሐረቡ ወደቀና ትንሽ ነጭ ብልቃጥ ጠጠሩ ላይ ተንከባለለች። የሴትዮዋ ስልክ ጩኸቴን ሰምቶ ኖሮ በረጋ ድምፅ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። ብልቃጧ ከሚዛን ፋርማሲ የተገዛች የዓይን ጠብታ ናት። ልታልቅ ጥቂት ነው የቀራት።

«ዓይኔ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ጭጋግ ገብቶበታል። ሁለት ዓመት ሆነው።»

አስተናጋጃችን ፊቷ ቀልቶ ነገሩን አስረዳችኝ። የመጀመሪያው ቀን ውኃ ሲቀዱ ከብርጭቆው ውጪ ሲያፈሱት አይታለች። እናቷም የዓይን ሞራ ነበረባት፤ አረማመዳቸው አንድ ነው። ለኔ ልትነግረኝ ስትል እሳቸው እንዳትነግረኝ በስልኩ ለመኗት። አሁን የምትነግራቸው ሞራው በጠብታ እንደማይለቅ፣ በቀዶ ሕክምና ግን እንደሚድን ነበር።

«ለምን ለኔ አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ይዘኸኝ ትመጣ ነበር?» አሉ። «የማያይ ሽማግሌ ምን ይሠራል፣ ልጁ ይሂድ ትሉ ነበር። ቡናውን የተከልኩት እኔ ነኝ።»

እንደዚያው ነበር የምንለው።

«ታዲያ አበባው ምንም አይታይዎትም?»

«ቀዩ ይታየኛል። እንደ ፍም። ሌላው ጭጋግ ነው።»

ወዲያው ለአለቃዬ «ተሳስቻለሁ፣ መድኃኒት ነው» ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያውን መልእክት ግን አንብቦታል።

ሚዛን በተመለስን በማግስቱ ሽማግሌው ማኅበሩ ቢሮ ተጠሩ። አለቃዬና ሁለት የኮሚቴ አባላት ነበሩ። «ሥርዓት ነው፣ አይቀየሙን» ብለው ቦርሳቸውን ጠረጴዛ ላይ ገለበጡት። ለልጅ ልጆቻቸው የያዙት ቸኮሌት፣ ሸሚዝ፣ ያ ሹራብና ባዶዋ ብልቃጥ ወጣ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ስህተት ነው ብዬ ጽፌያለሁ» አልኩ። የሰማኝ የለም። ሽማግሌው ሸሚዛቸውን ጠርዝ ጠርዙን በጣታቸው እየፈለጉ አጣጠፉት። በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ ድምፄ ዞሩ።

«የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ቡናውን በልጃቸው ይልኩ ጀመር። ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄድኩ። ሁለቱንም ጊዜ ምራታቸው «ጫካ ናቸው» አለችኝ፤ ከዘራቸው ግን በሩ ላይ ተደግፎ ነበር። ከክረምቱ በኋላ አማን ሆስፒታል የዓይን ሞራ የሚያነሱ ሐኪሞች እንደሚመጡ ሰማሁና ስማቸውን አስመዝግቤ ልነግራቸው ሄድኩ። በዚያ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አሁን ደግሞ ምን ልትጽፍብኝ መጣህ?» አሉኝ።

«ጽፌ ነው የመጣሁት። ለዓይንዎ ሕክምና አስመዝግቤዎታለሁ።»

ወረቀቱን ተቀብለው ለልጃቸው ሰጡ፤ እሱ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ቀኑ ደርሶ ሆስፒታል ስንሄድ ደግሞ ነርሷን በቤንችኛ ጠየቋት። ቋንቋውን ደህና አድርጌ አልሰማም፤ ወረቀቱ በእርግጥ የዓይን ሕክምና መሆኑን እያጣሩ እንደሆነ ግን ገባኝ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

የቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ እጃቸውን አዩ፣ ቀጥሎ መስኮቱን፣ መጨረሻ ላይ እኔን። አተኩረው አዩኝ።

«በድምፅህ ልጅ እግር መስለኸኝ ነበር» አሉ።

ነርሷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

በባጃጅ ወደ ቤታቸው ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ውጪ ውጪውን ሲያዩ ነበር። አጥራቸው ጋ ስንደርስ ልጃቸው ሊደግፋቸው መጣ፤ እጁን ገፋ አድርገው ብቻቸውን ወረዱ።

«ጌታ ይባርክህ» አሉኝ። «ለግራው ዓይን ግን ከልጄ ጋር ነው የምሄደው።»

«እሺ፣ አባባ» አልኩ። ገብተው በሩን እስኪዘጉ ጠብቄ ባጃጁን አስመለስኩ።