እሺ ባዩ ጠራዥና የእሑድ ስልክ

ጠራዡ በሥራ ቦታው «ጋሼ እሺ» ይባል ነበር። ስሙን ያወጣችለት አብራው የምትሠራው መዝገብ ሰፊዋ ናት። ሁለቱ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ የተበተነ ወረቀት እየሰበሰቡ መዝገብ ያደርጋሉ። የክፍላቸው መስኮት ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል ስለሆነ የሰው ፊት አያሳይም፤ የሚያልፈው ጫማ ብቻ ነው። እሱ ሠላሳ አራት ዓመት፣ እሷ አሥራ ሦስት ዓመት ጫማ ሲያልፍ አይተዋል።

ከክፍሉ ጥግ የወረቀት መቁረጫው ማሽን ቆሟል። ስለቱ በወረደ ቁጥር ወለሉ ይርዳል። የጠራዡን ጆሮ የበላው እሱ ነው። በአንድ ቀን አልበላውም። መጀመሪያ የወፎች ድምፅ ሄደ፤ ከዚያ የግድግዳ ሰዓቱ ቆጠራ፤ ከዚያ የሴትና የልጅ ድምፅ እየሳሳ መጣ። ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚያናግረውን ሰው አያጣውም፤ ከንፈር ያያል፣ የቀረውን ይገምታል። ስልክ ግን ከንፈር የለውም።

ባለቤቱ በሕይወት ሳለች ስልክ የእሷ ሥራ ነበር። ታነሳለች፣ ታዳምጣለች፣ ወደ እሱ ዞራ የሰማችውን ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ ትደግምለታለች። ከዚያ ስልኩን ወደ አፉ ታስጠጋለታለች፤ እሱ ይመልሳል። ያን ሁሉ ዓመት ሲያደርጉት አንድ ቀን «አትሰማም» ብላው አታውቅም። ከወዲያ በኩል ያሉት ሰዎችም ከመካከል እሷ መኖሯን አያውቁም። የዛሬ አራት ዓመት ሞተች። ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጠራና ጠራዡ አነሳው። ውስጡ የሆነ ነገር ይንጫጫል። ከጆሮው ምን ያህሉ የእሷ እንደነበረ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። የሚለው ቢጠፋው «እሺ» አለ።

እያደር ከእሺ ዘዴ ሠራ። ቃሉን ትቶ ዜማውን ይከተላል። ድምፁ ወደ ላይ ወጥቶ ካበቃ ጥያቄ ነው፤ «እሺ» ይላል። ከረዘመ ወሬ ነው፤ «እህ፣ እህ» ይላል። ከሳቁ ይስቃል። በረጅሙ ከተነፈሱ «ተዪው፣ ያልፋል» ይላል። ሰፊዋ አንድ ቀን ዳር ቆማ ስታዳምጠው ቆይታ፣ ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ መጥታ ቆመች።

«ጋሼ፣ ማን ነበር?»

«አላውቅም።»

«ምን አለዎት?»

«እሱንም አላውቅም። ግን ተስማምተናል።»

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» አለችና በሳቅ ፈረሰች። ስሙ ያኔ ወጣ።

ከሁሉ ስልክ የሚፈራውም የሚናፍቀውም የእሑዱን ነበር። እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ታላቅ እህቱ ትደውላለች። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ጠራዡን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶትም «ትንሹ» ነው የምትለው። በአውቶቡስ አምስት ሰዓት ከሚወስድ ከተማ ብቻዋን ትኖራለች። ዓይኗን ሞራ ስለጋረደው መልእክት ጽፈው ቢልኩላት አታነብም። እንግዲህ እሷ አታይ፣ እሱ አይሰማ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ይህ ስልክ ብቻ ነው። ጠራዡ «አልሰማሽም» ቢላት መደወሉን ትተወዋለች ብሎ ፈራ። ስለዚህ በየእሑዱ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ያዞርና ግማሽ ሰዓት ያህል ዜማዋን ያደምጣል። ቃል ባይኖረውም ዜማው የእሷ ነው።

አንድ እሑድ ዜማዋ ከወትሮው ፈጠን አለ። ብዙ ጠየቀች፤ እሱም ብዙ ጊዜ እሺ አለ። በመጨረሻ ደስ ያላት መሰለው፤ እሱም ደስ ብሎት ዘጋ።

ሐሙስ ጠዋት መቁረጫው ላይ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። የእህቱ ቁጥር ነው። ማሽኑ እየሠራ፣ በአንድ እጁ ወረቀቱን እንደያዘ «እሺ፣ እሺ እትዬ» ብሎ መልሶ ከተተው።

ዓርብ መልእክት መጣለት። የጻፉት የእህቱ ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው።

«እህትዎ ትናንት ለዓይናቸው ሕክምና ቀጠሮ ነበራቸው። ባለፈው እሑድ በስልክ እመጣለሁ ብለዋቸው ነበር። ጠዋት ሲደውሉልዎም እሺ ብለዋል። ሆስፒታሉ በር ላይ እስከ ሰባት ሰዓት ተቀምጠው ጠበቁ። እኔ አልጋ ላይ የዋለ ባል ስላለኝ አድሬ ማስታመም አልችልም። ቤተሰብ ካልመጣ አንሠራም ተብሎ ተራቸው ለሌላ ተሰጠ። ሁለተኛ እንዳይደውልልኝ ብለዋል።»

ጠራዡ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ስልኩን ለሰፊዋ ዘረጋላት። አንብባ ስትጨርስ አልሳቀችም። ጠረጴዛው ላይ ሊሰፋ የተዘጋጀ መዝገብ ነበር። ጠራዡ ክር ከማስገባቱ በፊት እያንዳንዱን እጥፍ ወረቀት በጣቱ እየነካ፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ እየጠራ፣ ተራውን የጠበቀ መሆኑን ያረጋግጣል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ሳያደርግ መርፌ አንስቶ አያውቅም፤ ቦታውን ስቶ የተሰፋ እጥፍ የሚወጣው ክሩ ተቆርጦ ነውና።

ሰፊዋ መዝገቡን በጣቷ መታ መታ አደረገች። «ለዚህ ለማንም ወረቀት እንዲህ የሚጠነቀቁ ሰው፣ የእህትዎን ነገር ሳያዩ ይሰፉታል?»

ጠራዡ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፈረ።

እህቱ በር ላይ ባለው አግዳሚ ተቀምጣ ነበር። በአረማመዱ አወቀችው፤ ግን አልተነሳችም።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም። ወንድም ነበረኝ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።»

ጠራዡ ከንፈሯን ለማየት፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ከፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጠ። በአውቶቡስ ሲያሰናዳው የመጣው ንግግር ሁሉ ጠፋበት።

«አልሰማም፣ እትዬ» አለ።

«ምኑን?»

«ስልክ አልሰማም። ትሰማልኝ የነበረችው ባለቤቴ ከሞተች ጀምሮ አንድም ቃል ሰምቼሽ አላውቅም።»

አጠገባቸው ያለው ቤት በር ተከፍቶ አስተማሪዋ ብቅ አሉ፤ ነገሩን አይተው እዚያው ቆሙ።

«አራት ዓመት?» አለች እህቱ።

«አራት ዓመት።»

«ጣሪያው አፈሰሰ ስልህ?»

«አልሰማሁም።»

«አንዲት ሴትዮ ሰደበችኝ ብዬ ሳለቅስ፣ ተዪው ያልፋል አላልከኝም?»

«ስትተነፍሺ ነው እንደዚያ የምለው።»

«ወይ አንተ ሰው! ሞቻለሁ ብልህም እሺ ልትለኝ ነበር።» ከንፈሯ ሊስቅ ዳድቶት ነበርና መልሶ ተጨማደደ። «አንድ ቀን ደግሞ፣ በየሳምንቱ ስደውል አሰለቸሁህ እንዴ፣ ልተወው ወይ ብዬ ጠየቅኩህ። እሺ አልከኝ። ታውቃለህ? ያን ሳምንት እህል አልበላሁም። በሳምንቱ ግን አንጀቴ አልችል አለና ደወልኩ።»

ጠራዡ ይህን ከከንፈሯ ባላነበበው በወደደ ነበር። ጉልበቷን ያዘ። «እንዳትተዪው ብዬ ነው የደበቅኩሽ።»

«ሞኝ» አለችው። እጇን አሻግራ ጆሮውን ፈለገችና ያዘችው፤ በልጅነቱ ሲያጠፋ እንደምታደርገው ጠመዘዘችው። ግን አላጠበቀችውም።

በዚህ ጊዜ አስተማሪዋ ጣልቃ ገቡ። «ማዳመጫ መሣሪያ የለዎትም?»

«አለኝ። ስልክ ስጠጋበት ያፏጫል፤ መሳቢያ ውስጥ ትቼዋለሁ።» ቆም አለና ኪሱን ዳበሰ። «ዛሬስ ይዤዋለሁ።»

«ስልኩን ጆሮዎ ላይ ስለሚደፍኑት ነዋ! ባለቤቴም እንደዚሁ ነበር። ጆሮዎ አይደለም የሚሰማው፤ ከጀርባው ያለው መሣሪያ ነው። ስልኩን እዚያ፣ ከፍ አድርገው፣ ትንሽ ራቅ አድርገው።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስቱም ሥራ ያዙ። እህቱ ከጓሮ ስልኳን ይዛ ተቀመጠች፤ ጠራዡ ከቤት ውስጥ በሩን ዘግቶ፤ አስተማሪዋ በሁለቱ መካከል ይመላለሳሉ። መጀመሪያ እህቱ ጮኸች። ከአጥሩ ማዶ ሰው «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

«መንደሩ ሁሉ ሰምቷል» አሉ አስተማሪዋ በሩን ከፍተው። «የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ሲጮኹ ድምፅ ይሰነጠቃል፤ ይህን ጠራዡ ነገራት። ወፈር አድርጋ፣ ዝግ ብላ ስትናገር ከሦስት ቃል አንዱ ገባ። ቀጥሎ ወሬውን ከመጀመሯ በፊት ርእሱን እንድታስቀድም ተስማሙ፤ «ስለ ዓይኔ» ወይም «ስለ ጣሪያው» ካለች፣ የሚመጣው ቃል ከየትኛው ክምር እንደሆነ ያውቃል። ያኔ ከሦስት ሁለቱ ገባ። አንድ ነገር ስትጨርስም ወደ ሌላ አትሻገርም፤ እሱ የሰማውን መልሶ ይነግራታል። ትክክል ከሆነ በቀለበቷ ስልኩን አንድ ጊዜ ታንኳኳለች፤ ከተሳሳተ ሁለት ጊዜ። ኳኳታውን ግን ያለ ምንም ጥርጥር ይሰማል።

«ይህ የኔ ሥራ ነው» አለ ጠራዡ ሲወጣ። «እጥፍ በእጥፍ እያረጋገጡ መስፋት።»

እህቱ ግን ገና አልረጋችም። ማታ አልጋ ስታነጥፍለት «እዚህ ፊቴ ስላለህ ነው» አለችው። «እዚያ ስትሄድ እሺ ማለትህን ትቀጥላለህ። ሰውን ለማስደሰት የተማረ ምላስ በአንድ ቀን አይመለስም። እኔ ደግሞ ሁለተኛ በዚያ ሆስፒታል በር ላይ ተቀምጬ መጠበቅ አልችልም።»

እውነቷን ነበር። ሰኞ ሥራ ሲገባ የማን እንደሆነ ያላወቀው ስልክ ተደወለና ምላሱ «እሺ» ብሎ ቀደመው። መልሶ «ይቅርታ፣ ጆሮዬ ይደክማል፤ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ» እስኪል አላበው። የደወለው ሰው ደገመለት። ነገሩ የተሳሳተ ቁጥር ነበር። ሰፊዋ መርፌዋን ይዛ አንገቷን ነቀነቀች። «ለዚህ ነው ያን ሁሉ ያላቡት?»

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በማክሰኞ ቀን፣ እህቱ ደወለች። ጠራዡ ስልኩን እንደያዘ ማሽኑን አጥፍቶ ወደ ወረቀት ማከማቻው ገባ። እዚያ ወረቀቱ እስከ ጣሪያ ተከምሯል፤ ድምፅ የሚመልስ ባዶ ግድግዳ የለም። በሩን ዘጋ። እርሳሱን አወጣ።

«ስለ ቀጠሮ» አለች፤ ቀጥሎም ረዘም ያለ ነገር።

«ሰኞ ብለሻል።»

ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

«ሐሙስ?»

ሁለት ጊዜ።

ያቺ አሮጌ ምላሱ እሺ ልትል ጫፉ ላይ ደርሳ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ። «አልያዝኩትም፣ እትዬ። ከሰኞ ጀምረሽ ቁጠሪልኝና ቀኑ ላይ ስትደርሺ አቁሚ።»

ቆጠረች፤ ረቡዕ ላይ አቆመች፤ «ረቡዕ» አላት። አንድ ጊዜ ተንኳኳ። ሰዓቱንም እንደዚሁ፣ በጣት እንደሚቆጥር ሰው፣ አንድ በአንድ ይዞ ጻፈው። አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ድሮ ይህን በአንድ እሺ ይጨርሰው ነበር።

በሳምንቱ ማክሰኞ ማታ እህቱ ቤት ደረሰ፤ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሁለቱም ሆስፒታሉ በር ላይ ነበሩ። የሚፈረመውን ፈረመ። ሲጨርሱ አንድ ዓይኗን በጨርቅ ሸፍነው አወጧት። ሦስት ቀን አጠገቧ ሆኖ በየሰዓቱ ጠብታ አደረገላት። ጨርቁ ሲነሳ ትኩር ብላ አየችውና «እንዴት አርጅተሃል!» አለችው፤ ያለችው ይህን ብቻ ነው። በመምጣቱ ደስ ብሏታል። ነገር ግን ስለ ስልኩ ምንም አላነሳችም። እሱም በአውቶቡስ ሲመለስ ይህን አሰበ፦ አንድ ጊዜ በመገኘት የአራት ዓመት እሺ አይካካስም።

እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ጠራዡ ማዳመጫውን አስተካከለ፤ ስልኩን ከጆሮው ጀርባ ከፍ አደረገ።

«ስለ ቤት» አለች።

«ስለ ቤት።»

አንድ ጊዜ ተንኳኳ። ከዚያ ቀስ እያለች፣ እየቆራረጠች ነገረችው። እሱም እየቆራረጠ መለሰላት፦ ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ቀርቶታል፤ ብቻውን ነው፤ የእሷ ቤት ሁለት ክፍል አለው፤ እዚያ ያለውን ሸክፎ ከእሷ ጋር ይኑር። እያንዳንዱን ሲደግም አንድ ጊዜ ይንኳኳል።

ጠራዡ ክፍሉን ዞር ብሎ አየ። ስልክ ሲጠራ ባለቤቱ ትቆምበት የነበረው ከግድግዳው አጠገብ ያለው ቦታ አሁንም ባዶ ነው፤ ወንበርም አላስቀመጠበትም።

«አይሆንም፣ እትዬ» አለ።

ምንም አልመጣም። ዝም ብላ ይሁን እሱ ሳይሰማ ቀርቶ፣ አላወቀም።

«እትዬ? ዝም አልሽ ወይስ አልሰማሁሽም?»

«ምን አልክ?» ይህ በደንብ ተሰማ።

«አይሆንም አልኩሽ። አልመጣም። ይህን ቤት አልተውም። ልጠይቅሽ በየወሩ እመጣለሁ፤ መኖሩን ግን አልችልም።»

ከወዲያ በኩል አንድ ድምፅ መጣ። ልቅሶ መሰለው፤ ከዚያ ሳቅ እንደሆነ ለየው። ስልኩን ከአፏ አርቃ ወደ ጎረቤት ስትጮህ እስካሁን ከሰማው ሁሉ ይልቅ ጥርት ብሎ ገባለት፦

«አስተማሪ! አስተማሪ፣ ኑ! እምቢ አለኝ! ይሰማል፣ እምቢ አለኝ!»

ቀጥላ ግን ተቆጣች። እሱ ጋ ያለው ቤት ምን ሊያደርግለት ነው፣ ማን ያስታምመዋል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ግትር እንደነበረ ረሳው ወይ፤ ርእስ ማስቀደሙንም፣ ማንኳኳቱንም እርግፍ አድርጋ ተወችው። ጠራዡ ግማሹን አልያዘውም።

«ቆይ፣ ቆይ እትዬ» አለ፤ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ስቦ እርሳሱን እያነሳ። «ከግትር ጀምሪልኝ። እዚያ ድረስ ሰምቻለሁ።»