አባያን በቀርከሃ አሽገን

ባለፈው ቅዳሜ ከኩልፎ ወንዝ ዳር የገዛሁትን ሙዝ ታቅፌ ስመጣ፣ ከተቆረጠው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ ነጭ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። ቤት ስደርስ ደርቆ ቡናማ ሆኗል። ልጄ ሳሙናና ሎሚ ይዛ ብቅ ስትል፣ «ተይው፤ ልፋ ያለው በሕልሙ ዳውላ ይሸከማል» አልኳት። የሙዝ ውሃ አንዴ ከያዘ አይለቅም። አርባ ምንጭ ላደገ ሰው ይህ ሀሁ ነው። እኛ ቤት ግን ይህን ሀሁ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው አንድ ቀን ረስቶት ነበር። ሸሚዙን ሳላወልቅ፣ ያን እርጥብና ጎምዘዝ ያለ ሽታ እየሳብኩ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። እናንተም ከመጣችሁ አይቀር ቁጭ በሉና ስሙኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ የኦቾሎ ሸማኔ ልጅ ነበር፤ እሱ ግን ከመወርወሪያው ይልቅ አፈር ወዶ ቆላ ወረደና ኩልፎ ዳር ሙዝ ተካይ ሆነ። ታላቅ እህቴ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ማትሪኩ አልሆን ብሏት ቤት ተቀምጣለች። እጇ ግን ሥራ አልፈታም። የትምህርት ቤታችን የሥዕል አስተማሪ እንጨት ላይ ሥዕል ቀርጾ ወረቀት ላይ ማተምን አሳይቷት ነበር። የዋንዛ ጣውላ ታለሰልሳለች፣ በትንሽ ስለት ትፈለፍለዋለች፣ ከትምህርት ቤቱ ማባዣ ክፍል የተለመነ ጥቁር ቀለም ትቀባዋለች፣ ከዚያ ወረቀት ታለብሰውና በማንኪያ ጀርባ ታሸዋለች።

የመጀመሪያውን ወረቀት ስትገልጠው አጠገቧ ነበርኩ። ከጣውላው ሲላቀቅ ቀጭን፣ የሚንጣጣ ድምፅ ነበረው። ከሥሩ አባያ ሐይቅ ወጣ። የጠዋት አባያ፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳው ላይ ቆሟል፣ ብርሃኑ ውሃው ላይ ተበትኗል። ቀለሙ ጥቁር ብቻ ነው፤ የአባያን ቅላት ግን አይቻለሁ፣ ማይ ብትሉኝ እምላለሁ። ደግሞ ቀባችው፣ ደግሞ አለበሰችው፣ ደግሞ ያው አባያ ወጣ። ያን ጊዜ ፀጉሬ ቆመ። ያለፈ ጠዋት ተመልሶ ሲመጣ አይቼ አላውቅማ!

«እትዬ፣ አያልቅም እንዴ?» አልኳት።

«እንጨቱ እስካለ አያልቅም» አለች። አፍንጫዋ ላይ ቀለም ነበር።

አስተማሪው፣ አዲስ አበባ ያለው የሥዕል ትምህርት ቤት መግባት የሚፈልግ ሰው ሥራውን በፖስታ ልኮ መመዘን እንደሚችል ነገራት። ሦስት ሥዕል መረጠች፦ አባያን፣ የኦቾሎን ተረተርና ጥጥ የምትፈትለውን እናታችንን። ወረቀቱን አስተማሪው ካለው ላይ ከፍሎ ሰጣት፤ ወፍራም፣ እንደ ወተት የነጣ፣ አርባ ምንጭ ውስጥ ቢፈለግ የማይገኝ ወረቀት። ይህ ካልተሳካ እህቴ ሌላ መንገድ አልነበራትም። እሷም እኛም እናውቀዋለን፤ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አይናገረውም።

ማሸጉን አባቴ ለማንም አልሰጥም አለ። ሁለት ጣውላ አምጥቶ መሐላቸው ሥዕሎቹን አጋደመ። እሳት ላይ አሳልፎ ያለሰለሰውን የሙዝ ቅጠል ላይና ታች ደረበባቸው። እኛ አገር ቅቤውም ዳቦውም ዓሣውም የሚጠቀለለው በቅጠል ነው፤ ታዲያ ሥዕል ከማን ይበልጣል? ቀጥሎ ከሙዝ ግንድ ትኩስ ልጥ ልጦ ወረቀቱንም ቅጠሉንም ጣውላውንም አንድ ላይ ጠፈረው። እናቴ ከላይ አቡጀዲ ሰፍታ አለበሰችው። «ዝሆን ቢረግጠው አይሰበርም» አለ አባቴ። እውነቱን ነው፣ አይሰበርም። ክብደቱ ግን ለፖስታው ክፍያ የእናቴን ዶሮዎች አስሸጠ።

ከሳምንታት በኋላ ጥቅሉ ተመልሶ መጣ። ሥዕሎቹ ስለተበላሹ መመዘን አልተቻለም፣ ምዝገባው ሳይዘጋ ሌላ ቅጂ ከመጣ ይታያል የሚል አጭር ማስታወሻ ነበረበት። እህቴ ፈታችው። የልጡ ውሃ በመንገዱ ሙቀት ሾልኮ ቅጠሉን አርሷል፣ ወረቀቱም ጠጥቶታል። ግን እንዲያው እድፍ ብቻ አልነበረም። የቅጠሉ ጅማቶች አንድ ሳይቀሩ፣ ከዳር እስከ ዳር በቡናማ ቀለም ታትመዋል፤ አባያ ላይ ሰያፍ ዝናብ የሚወርድ ይመስል ነበር። ሙዙ ማንም ሳይቀርጸው ራሱን አትሟል። እህቴ እንባዋ እየወረደ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችና «ያምራል እኮ» አለች።

(ልጄ አሁን መጥታ ሸሚዙን አውልቂ እያለችኝ ነው። ቆይ በሏት። ያ ወረቀት የት እንደገባ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ቢገኝ ኖሮ ግድግዳዬ ላይ ከሁሉም በላይ እሰቅለው ነበር።)

አባቴ ግን ማማሩ አልታየውም። «ዕድሜ ልኬን ልብሴን ሲያበላሽ የኖረ ውሃ» አለ፣ «በገዛ እጄ!» እራትም አልቀመሰ። የቀረው ወረቀት ለአንድ ዙር ብቻ እንደሚበቃ ያውቃል። በነጋታው ለማንም ሳይናገር ወደ ኦቾሎ ወጣ።

ቆይቶ ሲመለስ ትከሻው ላይ ወፍራም ቀርከሃ ተሸክሞ ነበር። ሸማኔው አጎቴ ደረቁን ከደጋ ገበያ ፈልጎለት፣ ሁለቱ ወንድማማቾች የውስጡን አንጓ በጋለ ብረት እየበሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት አድርገውታል። «የታጠፈ ነገር እጥፋቱን አይረሳም፤ የተጠቀለለ ግን ይረሳል» ብሎታል አጎቴ፤ ሸማውን እየሸመነ እንጨት ላይ ሲጠቀልል የኖረ ሰው ነውና።

እህቴ በመጨረሻው ወረቀት አተመች። ማንኪያው ሲያሽ ከሚሰማው በቀር ቤቱ ውስጥ ድምፅ አልነበረም። ሥዕሎቹ ሲደርቁ አንድ ላይ ጠቀለለችና አጎቴ በላከው ቁራጭ ሸማ አልብሳ ቀርከሃው ውስጥ አስገባቻቸው። እናቴ በሁለቱም ጫፍ ለድርና ማግ ያዘጋጀችውን ባዘቶ ጠቀጠቀች፤ አባቴ በጠረበው እንጨት ከደነው። ከዚያ እናቴ እጇን ጭናበት ጸለየች። ደርግ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችንን በዘጋበት በዚያ ዘመን ጸሎቷ ሹክሹክታ ስለነበር፣ እኛ ከንፈሯን እያየን ነበር አሜን የምንለው። ቀርከሃውን ባነሳው ባዶ እስኪመስለኝ ቀለለኝ።

የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ በቁጣው የታወቀ ሰው ነበር። ቀርከሃውን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ያኔ ረጅምና ድፍን ነገር ይዞ መዞር ጥርጣሬ ላይ ይጥላል።

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«ሥዕል ነው፣ ጋሼ» አለች እህቴ።

«ሥዕል በቀርከሃ? ክፈቺው!»

ክዳኑን ነቀለች። ከኋላችን ሰልፍ አለ፤ ላቡን የሚጠርግ፣ አቧራ የለበሰ፣ ቅቤ የነካካ። አንድ የቆሸሸ ጣት ቢያርፍበት አለቀ፣ ሌላ ወረቀት የለም። ሸማውን ፈታችና አባያን ባንኮው ላይ ዘረጋችው።

ሰውዬው እጁን ሰንዝሮ መልሶ ሰበሰበው። ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ብሎ እሷን አየ። ከባንኮው ጀርባ ወጣና ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ሄዶ እጁን ታጠበ። ውሃው ሲንሿሿ ይሰማናል። በመሐረብ እያደረቀ ተመልሶ የወረቀቱን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ብቻ ያዘ። ያን ጊዜ ሰልፉ ፈርሶ ከበበን፤ ማንም ግን አልነካም። የእናቴ ሥዕል ሲገለጥ ከካምባ የመጣች ቅቤ ነጋዴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይሄ እናቴ ነው!» አለች በጋሞኛ ቃና፣ ሴቱን ወንድ እያደረገች። «እጁን ተመልከቱ፣ እንዝርት እንዲህ ነው የሚይዘው። ከሞተ ቆይቷል እኮ፤ እዚህ ምን ይሠራል?»

ማንም አልሳቀም። እኔ የዚያች ልጅ እህት ነኝ፤ አንድ አልጋ ላይ እንተኛለን፣ ብርድ ልብስ ትነጥቀኛለች፣ እነጥቃታለሁ። ያን ዕለት ግን ፈራኋት። እንዲህ ያለ ነገር ከእኛ ቤት፣ የእኛን ሽሮ በልታ ከምታድር ልጅ እጅ መውጣቱን ልቤ አልችል አለ።

ሰውዬው ራሱ ጠቅልሎ መለሳቸው። «ማነው እንዲህ ያሸገው?» ሲል አባቴ በሩ ጋ ባርኔጣውን ጨብጦ ቆሞ ነበር። «እኔ ነኝ፣ ጌታው» አለ፣ ሊቀጣ የተጠራ ይመስል።

«አባባ፣ ይሄ ሞስኮም ይደርሳል» አለው። ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጠው መርፌው ብዙም አልተነቃነቀ። ለዚህኛው ዶሮ አልተሸጠም።

ተቀበሏት። ወሬው ሲመጣ እናቴ እልል አለች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አባቴ ደስታውን ይዞ ወደ ሙዙ ሄደና እስኪመሽ አልተመለሰም።

የሄደችበት ማለዳ መናኸሪያው በናፍጣ ጭስና በሰው ጩኸት ተሞልቶ ነበር። አባቴ የአውቶቡሱን ረዳት አላመነውም፤ የእንጨት ሳጥኗን ራሴ ካልጫንኩ ብሎ አውቶቡሱ አናት ላይ ወጣ። ሳጥኑን ዙሪያውን በገመድ ይጠፍራል፣ ይነቀንቀዋል፣ ይፈታና እንደገና ያስራል። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። «አባባ፣ ይውረዱ! መንገዱ ሩቅ ነው!» ይጮሃል ረዳቱ። አባቴ አንድ ቋጠሮ ጨመረ። ከኋላ ባለው መሰላል ሲወርድ አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀምሯል፤ እህቴ በወዲያኛው መስኮት አንገቷን አውጥታ ትፈልገዋለች። እኔና እናቴ «በዚህ ነው! በዚህ ነው!» ብንል አልሰማችም። አባቴ እጁን እንዳነሳ አቧራው ውስጥ ቀረ።

«ክረምት ስትመጣ አገኛታለሁ» አለ። ክረምቱ ሳይደርስ ወባ ወሰደው።

እህቴ ለልቅሶ መጣች። ለቀስተኛው ሲበተን ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ያኔ ነገረችኝ።

«አዲስ አበባ የገባሁ ቀን ማደሪያው ውስጥ ያሉት ልጆች የሳጥኑን ገመድ አይተው ሳቁ። አንዷ ቁረጪው ብላ ቢላ ሰጠችኝ። እምቢ አልኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጥፍሬ እስኪላጥ ቋጠሮውን አንድ በአንድ ፈታሁት። አባዬን የተሰናበትኩት ያኔ ነው።»