የቀኙ ለእሱ፣ የግራው ለእኔ

ኢሕአዴግ ከገባ አሥር ዓመት አልፎት ነበር። ዓለም ከተማ በአንድ ጋራዥ ስድስት ዓመት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የተወደደው ግን አምና ከሙያ ትምህርት ቤት የመጣው መካኒክ ነበር። መኪና ገና በር ሳይደርስ ድምፁን ሰምቶ ሕመሙን ይናገራል። ሾፌሮች እሱን በስሙ ጠርተው ይፈልጉታል፤ እኔን "አንተ" ይሉኛል። ይህን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያርር ነበር። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ባለጋራዡን ጋሼ እንላቸዋለን። ዐይናቸው ደክሞ ነበርና ለሕክምና አዲስ አበባ ሊሄዱ ሲሰናዱ፣ ቁልፉን ለአንዳችን ትተው እንደሚሄዱ ነገሩን። ቁልፉን የያዘ አለቃ ነው። ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ይህንኑ ነው።

በዚያው ሳምንት፣ መሪዋ ሲጠመዘዝ ከፊት ቀጭ ቀጭ የምትል የቤት መኪና መጣች። የሁለቱም የፊት ጎማዎች የውጭ ጆይንት፣ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው መጋጠሚያ ማለት ነው፣ አልቋል።

"የቀኙ ለእሱ፣ የግራው ላንተ" አሉ ጋሼ። ፈተና መሆኑ ገባኝ።

መኪናዋ ገና መሬት ላይ ሳለች የመሐሉን ትልቅ ዳዶ አላላሁ፤ በክሪክ አንሥቼ ጎማውን ፈታሁ፤ ዘንጉን ስቤ አወጣሁ። የላስቲክ ሽፋኑን ገልብጬ አሮጌውን ጆይንት ሁለቴ በመዶሻ ብመታው ወለቀ። በእጅ ፍጥነት ማንም አይበልጠኝም፤ ዛሬም እምላለሁ። የቀረኝ አዲሱን ግራሶ ሞልቶ መግጠም ነበር። የግራሶው ጣሳ ደግሞ እሱ ጉልበት ሥር ነው።

"አቀብለኝ" ማለት ሞት ሆነብኝ። ቤቴ ከጋራዡ ጀርባ ነው፤ እጄ ሲሰነጣጠቅ እንድቀባው እናቴ ከአገር ቤት፣ ከቀየት፣ የላከችልኝ የበግ ሞራ አለ። ሁዳዴ ስለገባ ከነካሁት ሰንብቻለሁ። ቅባት ከሆነ ምን ለየው ብዬ ጆይንቱን በሱ ጠቀጠቅሁት፤ ዘንጉ ላይ ቀጭ ብሎ እስኪገባ መትቼ ሽፋኑን አሰርሁ። ቀደምሁት! ጋሼም "እጅህ ይባረክ" አሉኝ። ባለቤቱ በማግስቱ ሊወስዳት ነበርና መኪናዋ እዚያው ግቢ አደረች።

ያላሰብሁት ውሾቹን ነው። ሥጋ ቤቶች ከተዘጉ ወር አልፏል፤ የከተማው ውሻ ሁሉ አጥንት ናፍቆታል። ጠዋት ስደርስ ላስቲኩ ተዘነጣጥሏል፤ ሁለት ውሾች በሩ ጋ ቆመው አፋቸውን ይልሳሉ። የሥራ ባልንጀራዬ ግራው ጎማ ሥር ተንበርክኮ፣ ሞራውን በናፍጣ አጥቦ ግራሶ እየሞላ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ጣቱን መልሶ ጣሳው ውስጥ ነከረ።

ወዲያው ጋሼ ደረሱ። "ደግሞ ምን ሆነ?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ" አለ። "ልፈትሸው ብዬ ላስቲኩን በካቻቢቴ ቀደድሁት። ይቅር ይበሉኝ።"

"ቅናት ነዋ! ቢቀድምህ ጊዜ! ባልንጀራህ አይደለም እንዴ?" ተቆጡና ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉልኝ።

ተቀበልሁ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ቀጠለ፤ እኔ ቁልፉን ጨብጬ አየዋለሁ። ያን ጠዋት በእሱ የቀናሁትን ያህል በሰው ቀንቼ አላውቅም።