ዓይን ያልወጣላት ዘፋኝ

ባሕር ማዶ፣ ዶራቪል ባለው አፓርታማችን፣ ልጄ ሶፋውንም እኔንም ወርሳ የጃፓን ካርቱን ታያለች። ታዋቂ ዘፋኝ ለመሆን የሚለፉ፣ ዓይናቸው ድፎ ዳቦ የሚያህል ልጃገረዶች ናቸው። ሲዘፍኑ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ሥዕል ሆነው ይተነፍሳሉ። ጀርባዬን ውርር አደረገኝ።

ልጅ ሳለሁ ደሴ፣ ኖራ ኖራ የሚሸተውን የአያቴን አዲስ ግድግዳ በከሰል ሞልቼ፣ አፏን የከፈተች ዘፋኝ ሳልኩበት። አያቴ ሼህ ነበሩ። ይገርፉኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዓይንም አወጣህላት? የቂያማ ቀን ‹በል ነፍስ ዝራባት› ትባላለህ። ያኔ ምን ይውጥህ ይሆን፣ ልጄ?»

ግድግዳው ሥር ተንበርክኬ፣ ሳንባዬ በአፌ ሊወጣ እስኪደርስ እፍ አልኩባት። ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ወዲህ የሰው ዓይን ይቅርና የዶሮ ዓይን ስዬ አላውቅም።

ልጄ አሁን የራሷን ዘፋኝ ስላ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አኖረችው። የዘፋኟ ፊት ባዶ ነው።

«አባ፣ ዓይኗን አንተ ሳልልኝ። እኔ ሁሌ ሜስ አፕ አደርገዋለሁ፣ ይበላሽብኛል።»

እርሳሱን ተቀበልኳት። ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳርፌ መልሼ አነሳሁት።

«ካም ኦን አባ» አለች፣ «ምንም አይታያትም እኮ።»