ለዝዋይ ጀልባ ምድጃ ስመርጥ

የጋዝ ምድጃ ሥራ የተቀጠርኩት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ሦስት ሰዓት ላይ ልባረር ምንም አልቀረኝም ነበር። ወርክሾፑ አዳማ፣ ከገበያው ጀርባ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ታደለ ይባላሉ። በፕላስቲክ ጠቅልዬ ያመጣሁትን ዲፕሎማ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉትና የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡበት።

ከዚያ አንድ ጎማ ከሲሊንደር ጋር አገናኝ አሉኝ። አገናኘሁ። የጢም ብሩሽ የሳሙና አረፋ ውስጥ ነክረው መገጣጠሚያውን ቀቡልኝ። አረፋው እንደ ሕፃን ልጅ ምራቅ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ። ጋሽ ታደለ አልተቆጡም። አንድ ሠፈር ሙሉ ልፈጅ እንደነበር በቀስታ ነገሩኝና መጥረጊያ ሰጡኝ።

እዚያ ቤት ማዕረጉ እንዲህ ነበር፦ ጠራጊ፣ ቧንቧ ያዥ፣ ገጣሚ፣ ማስተር። ገጣሚ ለመሆን ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ማስተር ለመሆን ግን ወይ ጋሽ ታደለ መሞት ነበረባቸው፣ ወይ እኔ መውጣት። እሳቸው ጤናቸው እንደ በሬ ስለነበር እኔ ወጣሁና የራሴን ከፈትኩ።

ስለ አዳማ ንፋስ አንድ ነገር ልበል፤ ሙያዬን ግማሹን የሠራልኝ እሱ ነው። በሶደሬ መንገድ አንድ በረንዳ ላይ የገጠምኩትን ምድጃ እሳት ንፋሱ ነጥቆ ወስዶት፣ ማዶ ደራ ከተማ የአንዲት ሴትዮ ከሰል አቀጣጥሏል። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ትመርቀኛለች። ስለዚህ የእኛ ከተማ ገጣሚ ሁሉ አንድ ልማድ አለው። ጋዝ ከሸተተው ሲሊንደሩን ይዘጋል፣ በርና መስኮቱን ወለል አድርጎ ይከፍታል፣ ወጥቶ አንድ ሻይ ይጠጣል። ሻዩ ሳያልቅ ቤቱ ንጹሕ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ስሠራ አንድም ቀን አላፈርኩም። ያፈርኩት ዝዋይ ላይ ነው።

አንድ ቀን ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ሰው ወርክሾፔ መጡ። ከሞጆ ጅቡቲ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ናቸው። ሌላው ሾፌር ሥራ ሲያቆም ቤት ይሠራል፤ እሳቸው ጀልባ አሠሩ። ያሠሩት ደግሞ ሞጆ፣ የመኪና ተሳቢ ከሚበይዱ ሰዎች ዘንድ ነው። ጀልባዋን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጎማዋ የት እንደ ሄደ ነው። ሐሳባቸው ሰው ከባቱ ከተማ አሳፍረው ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ወዳሉት ደሴቶች መውሰድ፣ መንገድ ላይም ትኩስ ዓሣ ማብላት ነበር።

ለዚህ ሥራ አዴ ጫልቱን ቀጥረዋል። አዴ ጫልቱ ሐይቁ ዳር ዓሣ ሲጠብሱ አሥራ አምስት ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው። ለጀልባዋ ብለው የመጥበሻ ቦታቸውን ለባላቸው እህት ለቀዋል። ኦቦ ገመዳ ግን ቁርጡን ነግረዋቸዋል። የፊታችን እሑድ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ሲሳፈሩ ኩሽናው ካልሠራ፣ ምግብ ከከተማ ታሽጎ ይጫናል፤ ኩሽና የሚባል ወሬ ከዚያ በኋላ አይነሳም። እኔ ምድጃ መረጥኩ ማለት የሴትዮዋን ሥራ መረጥኩ ማለት ነበር።

የኦቦ ገመዳ ዝርዝር የሚያስደነግጥ ነበር። ባለ አራት እሳት ምድጃ ከነኦቨኑ፣ ትልቅ ፍሪጅ፣ የሙቅ ውኃ ቦይለር፣ በመጨረሻም ሂተር። ሂተሩ ላይ ተከራከርን። ጅቡቲ ወደብ ያዩዋቸው መርከቦች ሁሉ ሂተር እንዳላቸው ነገሩኝ። ዝዋይ ላይ በቀትር የጀልባዋ ጣራ ላይ ዶሮ ብታርፍ ጥብስ ሆና እንደምትወርድ ነገርኳቸው። ጠዋትስ አሉ። ለጠዋት ጋቢ አለ አልኩ። ሂተሩ ተሰረዘ። ቦይለሩ በጥቁር ቀለም በተቀባ በርሜል ተተካ፤ ጣራ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ያሞቀዋል። ፍሪጁ የበረዶ ሳጥን ሆነ።

ምድጃው ቀረ። ኤሌክትሪክ ብንል ጄኔሬተር ሊጮህ ነው፤ ጉማሬዎቹ ራሳቸው አቤቱታ ይዘው ይመጣሉ። ከሰል ብንል የሐይቁ ንፋስ ፍሙን አንስቶ የሸራ ጥላው ላይ ይበትነዋል። ነጭ ጋዝ ብንል ቆሮሶ ዓሣው የናፍጣ መኪና ጠረን ይዞ ሰው አፍ ይገባል። ስለዚህ ባለ ሁለት እሳት የሲሊንደር ጋዝ ምድጃ መረጥኩ፤ ንፋስ እሳቱን ቢያጠፋው ጋዙን ራሱ የሚዘጋ ዓይነት። ማዕበል መጥበሻውን እንዳያንሸራትተው ዙሪያውን የብረት አጥር ሠራሁለት።

አዴ ጫልቱ መጥበሻቸውን ይዘው መጡና ምድጃው ፊት ቆሙ። ማንን ለክቼ እንደ ሠራሁት ጠየቁኝ። በመደበኛው ቁመት ነው አልኩ። መደበኛው የሚባለው ሰውዬ ይምጣና ይጥበስ አሉ። በአንድ ስንዝር ዝቅ አደረግኩት።

ሲሊንደሩ የት ይቀመጥ የሚለው ላይ እኔና ኦቦ ገመዳ ወዲያው ተስማማን። በዚያ ሥራ ሁሉ በፍጥነት ከተስማማንባቸው ነገሮች ይሄኛው ዋናው ሳይሆን አይቀርም፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ከባድ ጭነት ታች ይሆናል አሉ፤ ይህን ያልሰማ ሾፌር አዋሽ ሳይደርስ ይገለበጣል። እኔም ሲሊንደሩ ከእንግዳ ዓይን ቢሰወር ያምራል ብዬ ነበር። ከወለሉ ሥር፣ የጀልባዋ ሆድ ውስጥ፣ ከዘይት ጀሪካኑ አጠገብ አሰርኩት። አረፋ ቀባሁ፤ አንድም ቡልቅ ያለ የለም። አሪፍ ሥራ ነው ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ገመዳ ሞተሩን ሊሞክሩ ጀልባዋን ሐይቁ ላይ ሁለት ዙር አዞሯት። ሞተሩ የከባድ መኪና ሞተር ነው፤ ጥርሴ ከቦታው መነቃነቁን ማታ ስበላ ነው ያወቅኩት። ተመልሰን ዳር ቆምን፣ ሞተሩ ጠፋ። አዴ ጫልቱ ዓሣቸውን በሳፋ አጥበው ጨርሰው ስለነበር ዘይት ሊያመጡ ከወለሉ ሥር ወረዱ። ባዶ እጃቸውን ወጡ።

«ቴስ፣ ታች የበሰበሰ ሽንኩርት ይሸታል» አሉኝ።

ሽንኩርት እንዳልሆነ እኔም እሳቸውም እናውቃለን። ወርጄ ሲሊንደሩን ዘጋሁት። ሞተሩ እያንቀጠቀጠ የሲሊንደሩ አናት ላይ ያለችውን ብሎን አላልቷት ነበር። ይሄማ የዘወትር ሥራዬ ነው። ብሎኗን አጠበቅኩ፣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትኩ፣ አምስት ደቂቃ እንጠብቅ አልኩና ዳር ወርጄ ሻይ አዘዝኩ። ንፋሱ ሸራውን ያርገበግበው ነበር። ሻዬን ጨርሼ ስመለስ ላይ ምንም አይሸትም።

አዴ ጫልቱ እንደገና ወረዱና ወጡ። ታች እንደ ነበረው ነው አሉ። ንፋሱ ያወጣዋል፣ ትንሽ ይታገሡ አልኳቸው።

ሳፋውን ከነውኃው ገፍተው እግሬ ሥር አመጡት። «እስቲ ይህን ውኃ ንፋሱ ያውጣልህ።»

ሳፋውን አየሁ። ጀልባዋን አየሁ። ጋዝ ከአየር እንደሚከብድ አዳማ ውስጥ ለስንት የቤት እመቤት አስተምሬአለሁ። ቤት ሲሆን ወደ ወለል ይወርዳል፣ በበሩ ሥር ሾልኮ ይወጣል፣ ንፋሱ ይቀበለዋል። የጀልባ ሆድ ግን በር የለውም። በሩ ቢኖረው ኖሮ ጀልባ አይሆንም ነበር። እኔ ለሃያ ሰው የሚበቃ የላሜራ ሳፋ ውስጥ ጋዝ ሞልቼ፣ ከላዩ እሳት ገጥሜ፣ አናቱ ላይ አዴ ጫልቱን ላቆም ነበር።

ኦቦ ገመዳ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ሰዓታቸውን አዩ። ትንሽ ሽታ ነው አሉ። ነገ እንግዳ አለ፤ እሳቱ ያለው ላይ ነው፣ ጋዙ ታች ነው፣ ምን ያገናኛቸዋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ባለሙያ ነህ። በቃ ይለኩሱት በላቸው።»

እውነቱን ልናገር፤ የብሎን መፍቻዬን በጨርቅ መወልወል ያዝኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ያላፈረ ሰው አዲስ ነገር መጀመር ይከብደዋል።

የተናገሩት አዴ ጫልቱ ናቸው። ቦታቸውን ለቀዋል፣ ነገ ኩሽናው ካልሠራ መግቢያ የላቸውም። ክብሪቱን ከመቀነታቸው አወጡና ለኦቦ ገመዳ ዘረጉላቸው። «እንግዲያው እርስዎ ይለኩሱት። እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ።»

ኦቦ ገመዳ ክብሪቱን ተቀበሉ። ሠላሳ ዓመት ቁልቁለት የወረዱ ሰው ናቸው፤ እንደዚያ ቀን ሲያልባቸው ግን ማንም አላያቸውም። ክብሪቱን አገላብጠው አዩት፣ ኪሳቸው ከተቱት፣ ጃኬታቸውን አወለቁ። «ምን እናድርግ?» አሉ።

ያኔ አፌ ተከፈተ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ማንም ማብሪያ ማጥፊያ እንዳይነካ፣ ሞተር እንዳይነሳ፣ ስልክ ዳር እንዲቀር አዘዝኩ። የወለሉን ጣውላ በሙሉ አነሳን። ማራገቢያ ማስገባት አይቻልም፤ አንዲት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ትበቃናለች። የቀረው እንደ ውኃ መቅዳት ነበር። ሦስታችን የፕላስቲክ ባልዲ ይዘን ተሰለፍን። እኔ ከሆዷ እቀዳለሁ፣ ለአዴ ጫልቱ አቀብላለሁ፣ እሳቸው ለኦቦ ገመዳ፣ ኦቦ ገመዳ ሐይቁ ላይ ይደፋሉ። ባልዲው ሲሄድም ሲመጣም ባዶ ነው።

ዳር መረብ የሚጠግኑት ዓሣ አጥማጆች ሥራቸውን አቆሙ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ላባቸው እስኪንጠባጠብ ባዶ ባልዲ ሲቀባበሉ ማየት በየቀኑ አይገኝም። አንዱ ምን እየደፋችሁ ነው ብሎ ጮኸ።

«የኢንጂነሩን ጥፋት» አሉ አዴ ጫልቱ። «ገና ግማሽ አልደረስንም።»

ከሁለት ሰዓት በላይ ቀዳን። በየመሀሉ አዴ ጫልቱ ተንበርክከው ያሸታሉ፤ ገና ነው ብለው ራሳቸውን ከነቀነቁ እንቀጥላለን። በመጨረሻ ሽታው ጠፍቶ ዘይታቸውን ይዘው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ባቱ ከተማ፣ ከጀልባዋ ርቄ፣ የብረት ሳጥን አስበየድኩ። ሥሩን በሰፊው በሳሁት፤ ጋዝ ቢያፈስ በቀዳዳው ወርዶ ወደ ሐይቁ ይፈስሳል። ሳጥኑን ከጀልባዋ ኋላ፣ ውጪ፣ በብሎን አሰርኩት። የጋዙን መዝጊያ አዴ ጫልቱ እጃቸው የሚደርስበት ቦታ አደረግኩ። ዓሣው ሳይጠበስ ዋለ።

እሑድ እንግዶቹ ተሳፈሩ። አዴ ጫልቱ እሳቱን ከመለኮሳቸው በፊት ጣውላውን አንስተው አሸተቱ። ጠበሱ፤ ሰው ጣቱን እየላሰ በላ። አንድ እንግዳ ሲሊንደሩ ለምን ውጪ እንደ ተቀመጠ ሲጠይቅ፣ ኦቦ ገመዳ ሐሳቡ የራሳቸው እንደሆነ በሰፊው አስረዱት። አዴ ጫልቱ እኔን አየት አደረጉኝና ዓሣቸውን ገለበጡ። ጀልባዋ አሁንም ትሠራለች፤ ኩሽናውም የእሳቸው ነው።

ከእንግዲህ ጀልባ ላይ ምድጃ ግጠም ለምትባሉ፦ ሲሊንደር ከወለል በታች አይገባም። ውጪ፣ ሥሩ በተበሳ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሥራው አለቀ የሚባለውም እሳቱ ፊት የሚቆመው ሰው ታች ወርዶ አሽትቶ እሺ ሲል ነው።