የኮሌታ ቀኝ እግር

በልብስ ፋብሪካው የሠራተኞች ክበብ ውስጥ አንድ የፑል ጠረጴዛ አለ። አረንጓዴ ጨርቁ መሃል ለመሃል ሳስቷል፣ ኳስ ከሚመታባቸው እስቲኮች አንዱ ወገቡ በፕላስተር ተጠምጥሟል። እንዲያም ሆኖ በምሳ ሰዓት ከምግቡ ሰልፍ የእሱ ሰልፍ ይረዝማል። ከዚያ ሰልፍ የማትጠፋ አንዲት ሴት አለች። ሥራዋ የሸሚዝ ኮሌታ መስፋት ስለሆነ ፋብሪካው ከዳር እስከ ዳር ኮሌታ እያለ ይጠራታል። እሷም ለምዳው፣ እናቷ ባወጣችላት ስም ቢጠሯት ዞር ብላ የምታይ አይመስልም።

ኮሌታ ከተቀጠረች ጀምሮ የሰፋችው ኮሌታ ብቻ ነው። እጅጌው የሌላ ሰው ነው፣ ኪሱ የሌላ ሰው ነው፣ ቁልፉን የምትተክለው ደግሞ ከወዲያኛው መስመር ያለችው ጓደኛዋ ናት። አንድ ሸሚዝ አንስታ «ይሄ የኔ ሥራ ነው» ብላ አታውቅም። ፑልን የወደደችውም በዚህ ነው። ኳሶቹ ከተበተኑበት ጊዜ አንስቶ ጥቁሯ እስክትገባ ድረስ ያለው ሁሉ የራሷ ነው። ካበላሸችም ራሷ አበላሸች፣ ካሳመረችም ራሷ አሳመረች።

ጨዋታዋ ያምራል። ሌላው ሰው ፈርቶ የሚተዋትን ጠማማ ኳስ በቀስታ ዳሰስ አድርጋ ስታስገባት ምሳውን አቋርጦ የሚያጨበጭብ አለ። ችግሯ ረጅሟና ቀጥ ያለችዋ ኳስ ላይ ነበር። ጠንከር ተደርጋ የምትመታዋ፣ ተመልካቹ ሁሉ «ይቺማ አለቀላት» የሚላት ኳስ። አንድ ቀን ሰተት ብላ ትገባለች፣ በማግስቱ የቀዳዳውን ከንፈር ስማ ትመለሳለች። አምና ከቡድኗ ጋር በሄደችበት የፋብሪካዎች ውድድር ላይ የመጨረሻዋ ጥቁር ኳስ እንዲህ ቀጥ ብላ መጥታላት ሳተቻት። ዋንጫውም ከእነሱ ጋር አውቶቡስ ሳይሳፈር ቀረ።

የቡድኑ አለቃ የጨርቅ መቁረጫው ክፍል ኃላፊ ናቸው። ዕድሜ ጠገብ ናቸው፣ መቀሳቸው ከጋዋናቸው ኪስ ወጥታ ስለማታውቅ ጋሽ መቀስ ይባላሉ። ዘንድሮ ውድድሩ ሲቃረብ ኮሌታን ከምሳው አዳራሽ በር ላይ ጠበቋት።

«ስሚኝ ልጄ፣ የቡድናችንን የሦስተኛ ተጫዋች ቦታ ዘንድሮ ዝም ብዬ አልሰጥሽም።»

«ምነው ጋሼ? ከኔ የሚበልጥ ተገኘ?»

«የሚበልጥሽ የለም። የሚያስተማምን ግን አለ። መጋዘኑ አለ።»

መጋዘኑ የሚሉት የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሠራተኛ ነው። አጨዋወቱ እንቅልፍ ያመጣል፤ አንዲት ኳስ ለመምታት ጠረጴዛውን እንደ ቤት ገዢ ይዞረዋል። ነገር ግን ትናንት ያስገባትን ኳስ ዛሬም ያስገባታል።

«እሱ ሲጫወት ሻይ እየጠጣሁ አያለሁ» አሉ ጋሽ መቀስ። «አንቺ ስትጫወቺ ግን ትንፋሼን ይዤ ነው። በኔ ዕድሜ ይሄ ደግ አይደለም። የወሩ የመጨረሻ ዓርብ ትጋጠማላችሁ፣ ያሸነፈ እሁድ አብሮን ይሄዳል።»

ኮሌታ ሆዷ ቢብስም ፊቷ ላይ አላሳየችም። ለነገሩ ጥፋተኛዋን ድሮ አግኝታለች፤ ጠረጴዛው ነው። አንድ እግሩ አጥሮ ወደ መስኮቱ ያዘመመ ይመስላታል። በማግስቱ የስፌት ማሽኖቹን መካኒክ እጁን ይዛ ክበብ አስገባችው።

«ይሄን ጠረጴዛ አስተካክልልኝ። እንጀራዬን ሊያሳጣኝ ነው።»

«እንጀራሽ ኮሌታ መስሎኝ» አለ መካኒኩ። ጆሮው ላይ የሰካትን ካቻቪቴ አውርዶ፣ ውሃ ልኩን በጠረጴዛው ጥግ ሁሉ እያዘዋወረ አየ። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መኪና የሚጠግን ይመስል በጀርባው ተንሸራቶ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። «በይ እስቲ ያቺን የምትስቻትን ኳስ ምቺ። እግሩ ከተነቃነቀ ከዚህ አየዋለሁ።»

ኮሌታ መታች። ሳተች።

«ድገሚ።»

ደገመች። አሁንም ሳተች። ከጠረጴዛው ሥር መጀመሪያ ትንሽ ሳል፣ ቀጥሎ ሳቅ ተሰማ።

«ምኑ ነው የሚያስቅህ?»

«አንቺ፣ ማሽኑን ወዴት ነው የምታበሪው?»

«የምን ማሽን?»

«ቀኝ እግርሽ! እስቲኩን በገፋሽ ቁጥር ፔዳል ትረግጫለሽ!»

ኮሌታ «ቀልድህን ተው» አለችው። መካኒኩ መከራከሩን ትቶ ከኪሱ ቁራጭ ጨርቅ አወጣና ተረከዟ ሥር ወትፎ ጫፏን ያዘ። «ተረከዝሽ መሬት ከያዘ ይቺ ጨርቅ አትወጣም። ምቺ።» መታች። ጨርቋ እሱ ሳይታገል ሸተት ብላ እጁ ውስጥ ገባች።

ያኔ ነገሩ ተገለጠላት። ስንት ዓመት ሙሉ ፍጥነት በፈለገች ቁጥር የቀኝ እግሯን ጣቶች ወደ ታች ስትጫን ኖራለች። እግሯ ኳስና ኮሌታ አይለይም፤ «ፍጠኝ» የተባለ ሲመስለው ይረግጣል። ሲረግጥ ተረከዟ ይነሳል፣ ተረከዟ ሲነሳ ዳሌዋ ይነሳል፣ ዳሌዋ ሲነሳ ትከሻዋ ይዞራል፣ እስቲኩም ሄዶ የመምቻዋን ነጭ ኳስ መሃሏን ስቶ ጎኗን ይነካል። በቀስታ ስትመታ የማትስተውም ለዚህ ነው፤ ያኔ ፔዳሉን ብዙም አትጫነውም።

መካኒኩ አቧራውን እያራገፈ ወጣ። «ጠረጴዛው ልኩ ላይ ነው እህቴ። ያዘመምሽው አንቺ ነሽ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ባፈረ ነበር። ኮሌታ ግን አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ዕድሌ ጠማማ ነው ብላ ፈርታ ነበርና። ዕድልን በምን ያቃኑታል? እግር ከሆነ ግን የራሷ እግር ነው፣ ልታስተምረው ትችላለች።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የራሷ ቤት ሆነ። እራት ከተነሳ በኋላ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ደፋ ብላ፣ የመጥረጊያ እንጨት ይዛ፣ የብርቱካን ያህል ወረቀት ጨምድዳ መግፋት ጀመረች። ፀጉር አስተካካዩ ባሏ ደግሞ ወለል ላይ ተቀምጦ ተረከዟ ሥር ያለውን ጨርቅ ጫፍ ይዟል።

«ወጣ» ይላል።

«እሺ፣ እንደገና።»

«ወጣ።»

«ሳብከው እንዴ?»

«ኧረ እኔ ምን በወጣኝ! ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ ተቀመጥ ስላልሽኝ ደስ ብሎኝ ነው የተቀመጥኩት።»

አማቷ ከሶፋው ላይ ሆነው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቷቸው። «የልጄ ሚስት በመጥረጊያ ወረቀት ትወጋለች፣ ልጄ እግሯ ሥር ጨርቅ ይዟል። ጎረቤት ቢገባ ምን ልበል?»

«ስፖርት ነው ይበሏቸው እማማ» አለች ኮሌታ ቀና ሳትል።

«ስፖርት? እኔስ ቤቱን ልትጠርጊ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ቀስ በቀስ ጨርቁ አልወጣ እያለ መጣ። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ከመምታቷ በፊት ክብደቷን በግራ እግሯ ላይ ታሳርፋለች። ክብደት የሌለበት እግር የሚረግጠው የለም።

እዚህ ላይ ያላሰበችው ጣጣ መጣባት። አንድ ጠዋት በስፌቱ መስመር ላይ የኮሌታውን ጫፍ እያዞረች ሳለ ማሽኗ ድንገት ቀጥ አለ። አስነሳችው፣ ተመልሶ ቆመ። ጨርቁ ከኋላ እየተቆለለ፣ ከፊት ያለችው ሠራተኛ እጇን አጣጥፋ እየጠበቀች፣ ተቆጣጣሪዋ ብድግ አለች።

«ኮሌታ! መብራት ጠፋ?»

«መብራቱስ አለ፤ እግሬ ነው የጠፋብኝ!»

መስመሩ በሙሉ ሳቀ። እውነቷን ነው፤ አትርገጥ የተባለው እግር እዚህም አልረግጥም ብሎ አድሟል። መካኒኩ ማሽኑን ሊያይ መጥቶ ምንም ብልሽት ሲያጣ ገባውና «በሽታው ተላለፈ ማለት ነው» ብሎ ሄደ። ኮሌታ ጥቂት ቀን ጥርሷን ነክሳ ሁለቱንም አለማመደችው፤ ስትቀመጥ ቀኙ ይሠራል፣ ስትቆም ቀኙ ያርፋል።

በክበቡ ጠረጴዛ ላይ ጨዋታ መጫወት አቁማ አንዲት ኳስ ብቻ መምታት ያዘች። ነጯን ከሌላዋ አጠገብ አስቀምጣ ቀጥ አድርጋ ታስገባለች። ደጋግማ ሲሳካላት ነጯን አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ትስባለች። ስትስት ያለ ንዴት ወደ መጀመሪያው ቦታ ትመልሳታለች። ሰልፍ የያዙት ያጉረመርሙ ነበር። «ወይ ተጫወቺ ወይ ልቀቂ!» ሲሏት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ተራዋን ትጨርሳለች፣ ከዚያ ዞራ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ትቆማለች።

አንድ ቀን መጋዘኑ ራሱ ሻዩን ይዞ አጠገቧ ቆመ። ኳሷ ገባች፤ ኮሌታ ግን አውጥታ ወደ መጀመሪያው ቦታ መለሰቻት።

«ገብታ የለም እንዴ? ለምን ታወጫታለሽ?»

«ነጯን አላየሃትም? ቀጥ ብላ መቆም ሲገባት ወደ ቀኝ ፈቀቅ አለች። ጠማማ መትቻት ነው የገባችው።»

«የገባች ኳስ ከስህተት ትቆጠራለች?»

«እኔ ጋ ትቆጠራለች።»

መጋዘኑ ሻዩን ፉት አለና «ዓርብ ሆዴን ሊያመኝ ነው መሰለኝ» አለ።

ዓርብ መጣ። ከሥራ መውጫ ደወል በኋላ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ጥቂት ነው። ወንበር ያጣው የመስኮት ደፍ ላይ ተቀምጧል። ከሦስት ጨዋታ ሁለት ያሸነፈ ቦታውን ይወስዳል ተባለ። ጋሽ መቀስ ግድግዳ ተደግፈው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

የመጀመሪያውን መጋዘኑ ወሰደ። እንደ ልማዱ ዞረ፣ አየ፣ ዞረ፣ መታ፣ አስገባ። «ኮሌታ፣ ብርድ እንዳይመታሽ፣ ብዙ ተቀመጥሽ» አላት። ሁለተኛውን እሷ ወሰደች፤ ያውም አንድ ጊዜ ከተነሳች በኋላ እሱን ሳታስነሳው። «አሁን ደግሞ አንተ ሞቀህ?» አለችው።

ሦስተኛው ጨዋታ ተጎተተ። አንድ እሱ ይስታል፣ አንድ እሷ ትስታለች። በመጨረሻ ጥቁሯ ብቻ ቀረች፤ ተራው የኮሌታ ነበር። ጥቁሯ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ነጯ ከወዲህኛው ጫፍ፣ ቀዳዳው ደግሞ ከሁለቱ ጋር በአንድ መስመር ላይ። አምና የሳተቻት ኳስ ራሷ ናት ማለት ይቻላል። የሚያውቁት እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «በቀስታ ገፍተሽ ከጠርዙ አስጠጊያት፣ ለሱ አስቸጋሪ አድርጊበት» ብሎ አንሾካሸከ።

ኮሌታ ሰማችው፤ ግን ይቺን ኳስ ስንዝር በስንዝር ወደ ኋላ እየሄደች የደረሰችባት ናት፣ የምትሸሽበት ምክንያት አልታያትም። ክብደቷን በግራ እግሯ አሳረፈች፣ ጎንበስ አለች፣ መታች። ጥቁሯ ግራ ቀኝ ሳትል ሄዳ ቀዳዳው ውስጥ ጠፋች። ነጯ በነካቻት ቦታ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

ክበቡ በጩኸት ተናጋ። መጋዘኑ እጇን ጨብጦ «ሆዴን እንደሚያመኝ ተናግሬ ነበር» አለ። ጋሽ መቀስ ግን አላጨበጨቡም። ሁሉም ዝም እስኪል ጠብቀው ከግድግዳው ተላቀቁ።

«አሸንፈሻል፣ ቦታው ያንቺ ነው። እኔ ቃሌን አላጥፍም። ግን አንዷን እንዲህ ስታስገቢ አምናም አይቻለሁ። እኔን የምታስፈራኝ ቀጣይዋ ናት።»

ኮሌታ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። ጥቁሯን ከቀዳዳው አውጥታ ያው ቦታ አኖረቻት፣ ነጯን ያው ቦታ መለሰች፣ መታች። ገባች። እንደገና አኖረቻት። ገባች። አሁን ማንም አይጮኽም፣ ሁሉም አንገቱን አስግጎ ያያል። እንደገና መታች፤ ጥቁሯ የቀዳዳውን ከንፈር ነክታ ተመለሰች።

«ኤዲያ!» አለ ከመስኮቱ አንዱ።

«ቸኮልኩ» አለች ኮሌታ ፈገግ ብላ፣ ጠማማ ስፌት እንደምትተረትር ሁሉ ያለ ሐሳብ። «ሰው ሲበዛ ቸኮልኩ፣ ሌላ አይደለም።» ኳሶቹን አስተካከለች። ጎንበስ ስትል ጋሽ መቀስ ኮታቸውን ደርበው ወደ በሩ ሲራመዱ አየች።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?»

«የአውቶቡሱ አሽከርካሪ ሳይወጣ ልድረስበት። እሁድ ጠዋት አንቺን ከየት እንደሚያሳፍርሽ አልነገርኩትም።»

«ይቺንስ አያዩዋትም?»

ጋሽ መቀስ በሩን ከፈቱ፤ ወደ ኋላም አልዞሩ።

«ትገባለች» አሉ።